ዲአርቪ-11 ፓራለል ካርድን በተጣለ የሃርድ ዲስክ ገመድ መፈተሽ

ዲአርቪ-11 (የሞጁል ቁጥሩ ኤም7941) ፒዲፒ-11/03 ለተባለው የዲኢሲ ኩባንያ የድሮ ኮምፒውተር የተሠራ፣ 16 ቢት የሚያስወጣና 16 ቢት የሚያስገባ ካርድ ነው። ማንኛውንም መሣሪያ ከመሰካቴ በፊት የካርዱን መውጫ ከራሱ መግቢያ ጋር አገናኝቼ ፈተሽኩት። ይህ ሳይደረግ ሥራ ከተጀመረ፣ ስህተት ሲመጣ ጥፋቱ የካርዱ ይሁን የገመዱ መለየት ከባድ ነው።

ለዚህ ፈተና የተሠራውን ገመድ ደሴ ላይ መፈለግ ድካም ነው። ሁለቱ መሰኪያዎች፣ ጄ1 እና ጄ2፣ ባለ 40 ፒን ስለሆኑ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ከሚጠግኑ ልጆች የሚገኝ የድሮ አይዲኢ (የሃርድ ዲስክ) ገመድ ይበቃል። ባለ 40 ሽቦውን ምረጡ። ቀጫጭን 80 ሽቦ ያለው አይሆንም፤ ሰባት ፒኖችን ከግራውንድ ጋር አንድ ላይ ስለሚያስር ዳታው ይበላሻል። 20ኛው ቀዳዳ የተደፈነ ከሆነም ካርዱ ላይ እዚያ ፒን ስላለ አይገባም። 28ኛው ሽቦ ሆን ተብሎ የተቆረጠበት ገመድም አለ፤ ስለዚህ አርባውንም በቴስተር ጫፍ ለጫፍ ለኩ።

ዋናው ነገር አሰካኩ ላይ ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ አዙራችሁ ሰኩት፤ ያኔ 1ኛው ፒን ከ40ኛው፣ 3ኛው ከ38ኛው ይገጥማል። ፒኖቹ በፊደል ነው የተሰየሙት፣ ጂ፣ አይ፣ ኦ እና ኪው ተዘለው። የመጀመሪያው የመውጫ ቢት ጄ1 ላይ ሲ፣ የመጀመሪያው የመግቢያ ቢት ደግሞ ጄ2 ላይ ቲቲ ነው፤ ሲ 3ኛው፣ ቲቲ 38ኛው ፒን ነው፣ ብትደምሩ እንደ ሌሎቹ ጥንዶች 41 ይመጣል።

ካርዱ ከፕሮሰሰሩ ቀጥሎ፣ በመሐል ባዶ ቦታ ሳይቀር ይግባ። የኢንተራፕት (ካርዱ ፕሮሰሰሩን ሥራ አቋርጦ እንዲያስተናግደው የሚጠይቅበት) ፈቃድ ከካርድ ወደ ካርድ ስለሚተላለፍ ክፍተት ካለ እዚያው ይቆማል፤ ንባብና ጽሑፉ ግን ይሠራል፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የአሜሪካ ማሽን ከሆነ የፓወር ሳፕላዩ ማስተካከያ ለ220 ቮልት መዞሩን ሳታረጋግጡ አታብሩት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ስሱ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ የፋኑን መንገድ አትዝጉ።

ማሽኑ ተርሚናሉ ላይ @ (ትእዛዝ እየጠበቀ መሆኑን) ሲያሳይ አድራሻውን በኦክታል (በ8 መሠረት ቁጥር) እንጽፋለን፦

167772/ (የመውጫውን አድራሻ) ከፍታችሁ 125252 አስገቡ፤ 167774/ (የመግቢያው) ሲከፈት ያው 125252 መነበብ አለበት። ከዚያ 052525፣ ከዚያ ደግሞ 1፣ 2፣ 4፣ 10 እያላችሁ እስከ 100000። ሁለት ቢት አብረው ከበሩ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ማሽኑ ? ከመለሰ ካርዱ በዚያ አድራሻ የለም፤ ጃምፐሮቹን ተመልከቱ።

ቀጥሎ 167770 (የካርዱ መቆጣጠሪያ አድራሻ) ላይ 1 ጻፉ፤ 201 ይነበባል። 2 ሲጻፍ 100002፣ 3 ሲጻፍ 100203። ይህ የጥያቄ መስመሮቹ፣ ኤ እና ቢ፣ ደህና መሆናቸውን ያሳያል። እኔ እዚህ ሳልደርስ ኢንተራፕት ማስነሳት አልጀምርም።

ወደ ውጭ መሣሪያ ሲታለፍ፣ አዲስ ዳታ መውጣቱን የሚያመለክተው ፐልስ ከአንድ ማይክሮሰከንድ ያነሰ ነው። ማይክሮኮንትሮለር በየጊዜው እያየ አይደርስበትም፤ በ74ኤልኤስ74 (ምልክትን ይዞ በሚያቆይ ፍሊፕ-ፍሎፕ ቺፕ) ያዙት። የጥያቄ መስመሩ ግን ፐልስ ሳይሆን ማሽኑ እስኪያነበው ሳይወርድ የሚቆይ የቮልቴጅ ደረጃ ይሁን። የካርዱ መስመሮች ባለ 5 ቮልት ቲቲኤል ናቸው፤ ኢኤስፒ32 የተባለው ማይክሮኮንትሮለር 3.3 ቮልት ስለሆነ የካርዱን መውጫ በቀጥታ አይችለውም፣ በመሐል 5 ቮልት የሚችል፣ በ3.3 ቮልት የሚሠራ 74ኤልቪሲ245 ቺፕ አስገቡ።