ለአሮጌ ዴስክቶፕ ሁለተኛ ግራፊክስ ካርድ፦ በትንሽ ገንዘብ እስከ ምን ድረስ ያስኬዳል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሕንፃ ምስል በመሥራት፣ የሰርግ ቪዲዮ በማቀናበርና በማስታወቂያ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች የምንጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ውጭ አገር በመሥሪያ ቤት ካገለገሉ በኋላ በአዲስ አበባ ነጋዴዎች እጅ አልፈው እኛ ዘንድ የደረሱ የዴልና የኤችፒ ዴስክቶፖች ናቸው። ፕሮሰሰራቸው ገና ይሠራል፣ ራም ቢጨመርላቸው ይቀበላሉ፤ የሚጎድላቸው ምስልና ቪዲዮ የሚያሰላው ግራፊክስ ካርድ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ለብዙው ባለሙያ የማይታሰብ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ካርድ ያለው ሰው ሁለተኛ ስለመጨመር፣ ምንም የሌለው ደግሞ ሁለት ርካሽ ካርዶችን በአንድ ላይ ስለመግዛት ይጠይቀኛል። እኔም የመሐንዲሶችን ፕላን ወደ ስሪዲ ምስል የምለውጥበትን ማሽን ያዘጋጀሁት በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ መልሴን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ባጭሩ ይቻላል። ይሁን እንጂ ጥቅሙን የሚወስነው የካርዱ ብዛት ሳይሆን የሥራው ዓይነት ነው፤ ገንዘቡም መጀመሪያ መዋል ያለበት በካርዱ ላይ ሳይሆን ለማሽኑ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ነው። ሰው አብዝቶ የሚፈራው የድሮውን ማዘርቦርድ የስሎት (ካርዱ የሚሰካበት ቦታ) ፍጥነት ሲሆን፣ ከሁሉ ያነሰው ችግር ግን እሱ ነው።

በመጀመሪያ ሥራውን እንለይ። ለጌም የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መልሴ አይሆንም ነው። ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ ሁለት ካርዶችን አጣምሮ አንድ ጌም የሚያስኬደውን ኤስኤልአይ የተባለ ዘዴ በ2004 እ.ኤ.አ. ቢያስተዋውቅም፣ ጌም ሠሪዎች ከጊዜ በኋላ ስለተዉት ሁለተኛው ካርድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ለቪዲዮ ማቀናበሪያም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት በነጻ የሚገኘው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በዊንዶውስ ላይ የሚያሠራው አንድ ካርድ ብቻ ነው፣ ከአንድ በላይ የሚያሠራው የሚከፈልበት ስቱዲዮ የተባለው እትም ነው። በአንጻሩ ብሌንደር በተባለው የስሪዲ ፕሮግራም፣ ሳይክልስ በሚባለው ሞተሩ፣ ሬንደር ለሚያደርግ (የመጨረሻውን ምስል አስልቶ ለሚያወጣ) ሰው ሁለተኛው ካርድ ሙሉ ዋጋውን ይከፍላል፤ ሶፍትዌሩ ሥራውን ራሱ ለሁለቱ ስለሚያከፋፍል፣ ሁለት እኩል ካርዶች አንዱ ብቻውን የሚፈጅበትን ጊዜ ወደ ግማሽ ያስጠጉታል። ሌላው ሥራ፣ አሁን አሁን ተማሪዎች የሚጠይቁኝ፣ የቋንቋ ሞዴልን፣ ማለትም እንደ ቻትጂፒቲ ጽሑፍ የሚጽፍ ፕሮግራምን፣ በራስ ኮምፒውተር ማስኬድ ነው።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች ሁለተኛውን ካርድ የሚጠቀሙበት መንገድ በጣም የተለያየ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ፣ ብሌንደርም የጀመረ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ባለ 4 ጊጋባይት ሁለት ብገዛ 8 አይሆንልኝም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በሬንደር ሥራ አይሆንም። የሚሠራው ቤት ከነግድግዳው፣ ከነዛፉ፣ ከነመስተዋቱ በእያንዳንዱ ካርድ ሜሞሪ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት፤ አንዱን የወፍጮ ድንጋይ ለሁለት አህያ ከፍሎ መጫን እንደማይቻል ሁሉ፣ 6 ጊጋባይት የሚፈልግ ሥራ በሁለት ባለ 4 ካርዶች ላይ አይከፈልም። በመሆኑም ፍጥነቱ ይጨምራል እንጂ የሥራው መጠን ጣሪያ ከፍ አይልም። ትልልቅ ግቢዎችንና ሣር የበዛባቸውን ሥራዎች የሚሠራ ሰው ሁለት ትንንሽ ከሚገዛ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ቢገዛ ይሻለዋል። በቋንቋ ሞዴል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ላማ ሲፒፒ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር የሞዴሉን ንብርብሮች በካርዶቹ መካከል ስለሚያከፋፍል ሜሞሪው በእርግጥ ይደመራል። 8 ቢሊዮን መለኪያ (ሞዴሉ በውስጡ የያዛቸው ቁጥሮች) ያለውና እያንዳንዱ ወደ 4 ቢት የተጨመቀ ሞዴል 5 ጊጋባይት ገደማ ስለሚፈልግ በአንድ ባለ 4 ካርድ ላይ አይገባም፣ በሁለቱ ላይ ግን ይገባል። ይህን መጠን ያላቸው ሞዴሎች አማርኛቸው ደካማ መሆኑን ለመጠቆም ያህል ብቻ ልጨምር፤ ለመማሪያ እንጂ ለደንበኛ ሥራ አልመክራቸውም።

ስለ ስሎቱ ፍጥነት የሚነገረውን በቁጥር ማየት ይቻላል። በእኛ ገበያ በብዛት የሚታየውን የ2012ቱን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ታወር እንውሰድ። ለግራፊክስ የሚሆን አንድ ሙሉ ባለ 16 መስመር (የመረጃ መተላለፊያ) ስሎት አለው፤ ሁለተኛው ሲያዩት ከመጀመሪያው ጋር እኩል ርዝመት ቢኖረውም ከውስጥ የተዘረጉለት አራት መስመሮች ብቻ ናቸው። ስሎቱ የሚሠራበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ደረጃ ሁለተኛው ትውልድ በአንድ መስመር በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ስለሚያስተላልፍ፣ አራቱ መስመሮች በሰከንድ 2 ጊጋባይት ያሳልፋሉ። እንግዲህ ባለ 4 ጊጋባይት ካርድን ጢም አድርጎ የሚሞላ ሥራ በዚያ ስሎት በኩል ለመጫን 2 ሰከንድ፣ በትንሿ ባለ አንድ መስመር ስሎት በኩል ደግሞ 8 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። አንድ ምስል ሬንደር ለመሆን አሥር ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ ለስድስት ሰከንድ ልዩነት አዲስ ማዘርቦርድ የሚገዛ ሰው የለም። ለጌም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ለሬንደር ግን አይታይም።

እውነተኛው ጉዳይ ኤሌክትሪኩ ነው። ከላይ የጠቀስኩት ማሽን በፋብሪካ የሚገጠምለት ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት ነው። ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰሩ 77 ዋት ይወስዳል፤ ተጨማሪ ኬብል የማይፈልገው የኤንቪዲያ ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋት ይወስዳል፣ ሁለት ሲሆን 150። ሃርድ ዲስኩን፣ ራሙን፣ ፋኖቹንና ማዘርቦርዱን 40 ዋት ብንላቸው ድምሩ 267 ዋት ይደርሳል። ወረቀት ላይ ሲታይ ልክ ልኩን ነው፤ ነገር ግን ለዓመታት ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ሙሉ ጉልበቱን ሌሊቱን ሙሉ እንዲሰጥ መጠበቅ አይገባም፣ የመብራታችን ቮልቴጅ ከ220 ወረድ በሚልበት ምሽት ደግሞ ይባስ ብሎ ይጨነቃል። ስለዚህ ከሁለተኛው ካርድ በፊት እውነተኛ 500 ወይም 550 ዋት የሚሰጥ፣ የ80 ፕላስ (ኤሌክትሪክ ብዙ እንደማያባክን የሚመሰክር) ምልክት ያለው ፓወር ሰፕላይ ይገዛ እላለሁ። እውነተኛ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ላዩ ላይ 600 ዋት ተብሎ የተጻፈበት፣ ሲያነሡት ግን ቀሎ የሚገኝ ዕቃ ገበያው ሞልቶታል። የጎኑን ሰንጠረዥ ሲያነቡ መመልከት ያለብዎት የ12 ቮልቱን መስመር አምፔር ነው፤ በ12 ሲባዛ ከተጻፈው ጠቅላላ ዋት በእጅጉ የሚያንስ ከሆነ ይተዉት።

ከመግዛትዎ በፊት ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያያዘውን ሶኬት ማየትም ያስፈልጋል። ኦፕቲፕሌክስ 7010 ታወር የተለመደውን ባለ 24 እግር ሶኬት ይጠቀማል፤ ተከታዮቹ 7020 እና 9020 ግን የዴል ብቻ የሆነ ባለ 8 እግር ሶኬት ስላላቸው ማገናኛ ኬብል ካልተገኘ አዲሱ ፓወር ሰፕላይ አይገባላቸውም። ኤችፒም በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ የራሱን ሶኬት አድርጓል። ቀጫጭኖቹ ዴስክቶፖች ደግሞ ቁመቱ ያጠረ ካርድ ብቻ ስለሚቀበሉና ለሁለት ካርድ የሚሆን አየርም ቦታም ስለሌላቸው፣ ለዚህ ሥራ ባይታሰቡ ይመረጣል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። 75 ዋት የመስጠት ግዴታ ያለበት ለግራፊክስ ተብሎ የተሠራው ባለ 16 መስመር ስሎት ሲሆን፣ አራት መስመር ያለው ስሎት በደረጃው መሠረት የሚሰጠው 25 ዋት ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ካርድ በቀጥታ ከመሰካት በፊት የማሽኑን መመሪያ አይቶ ያ ስሎት ስንት ዋት እንደሚችል ማረጋገጥ ይገባል። ካልቻለ መፍትሔው ራይዘር የሚባለው ማራዘሚያ ነው፤ መረጃውን በቀጭን ኬብል ከስሎቱ ይወስዳል፣ ኤሌክትሪኩን ግን ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ይቀበላል። በክሪፕቶ ማይኒንግ (በኮምፒውተር ስሌት ዲጂታል ገንዘብ የማግኘት ሥራ) ዘመን በብዛት ስለተሠራ ከሁሉም ዕቃ ርካሹ እሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ ራይዘሩን በሃርድ ዲስክ ኬብል፣ ማለትም በሳታ ሶኬት፣ አያሠሩት። የሳታ ሶኬት የ12 ቮልት እግሮች ሦስት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 1.5 አምፔር፣ በጠቅላላው 54 ዋት ብቻ ይሸከማሉ፤ 75 ዋት የሚስብ ካርድ በላያቸው ላይ ሲሆን ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያም አልፎ ይቃጠላል። ባለ 6 እግር የካርድ ኬብል የሚቀበለውን ራይዘር ይፈልጉ።

ወደ ካርዱ ምርጫ ስንመጣ፣ የኢቴሪየም (የአንድ ዲጂታል ገንዘብ) ማይኒንግ በግራፊክስ ካርድ መሠራቱ በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ በዓለም ገበያ ላይ ያገለገለ ካርድ ተትረፍርፎ ነበር፤ ከእሱም ተርፎ እኛ ጋ የደረሰው ጥቂት አይደለም። ማይኒንግ ላይ የዋለ ካርድ ሁሉ የተበላሸ ነው የሚለውን ወሬ አልቀበለውም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ፋኑና በቺፑ ላይ ያለው የሙቀት ቅባት ነው፣ ሁለቱም በትንሽ ወጪ ይቀየራሉ። ይልቅ ልንጠነቀቅለት የሚገባው ማታለል ነው። ጂቲኤስ 450ን ወይም ጂቲኤክስ 550 ቲአይን የመሰሉ የቆዩ ካርዶች ባዮሳቸው (ካርዱ ማንነቱን የሚናገርበት ውስጣዊ ፕሮግራም) ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብለው ሲሸጡ ኖረዋል፤ ዊንዶውስም ስሙን አምኖ ይቀበላል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መሄድና ሻጩ ፊት መክፈት ነው፤ ሐሰተኛ ካርድ ሲያገኝ በስሙ ላይ ምልክት ያደርግበታል። የማያስከፍት ሻጭ ካለ ደህና ዋሉ ብሎ መውጣት ነው።

የኤንቪዲያ ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ካርድ በዋጋ ያጓጓል፣ በተለይ ባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 580። ለብሌንደር ግን አይግዙት፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሌንደር 3.0 እነዚህ ካርዶች ለሬንደር የሚጠቀሙበትን ኦፕንሲኤልን ስላስቀረ የዚያ ትውልድ ካርዶች በሳይክልስ ሬንደር ማድረግ አይችሉም። ከመረጃ ማዕከል የወጡት እንደ ቴስላ ፒ40 ያሉ ባለ 24 ጊጋባይት ካርዶችም ዓይን ይስባሉ፤ ሆኖም የራሳቸው ፋን የላቸውም፣ 250 ዋት ይስባሉ፣ የማዘርቦርዱ ባዮስም ትልቅ ሜሞሪ ያለው ካርድ እንዲታይ የሚያደርገው አባቭ 4ጂ ዲኮዲንግ የሚለው ምርጫ ከሌለው ማሽኑ አያያቸውም። የቆዩ የቢሮ ማሽኖች ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ የላቸውም።

ሁለቱ ካርዶች አንድ ሞዴል ባይሆኑም ይሠራሉ፤ አንድ ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያሠራበት ፕሮግራም) የሚጋሩ መሆናቸው ግን ግድ ነው። ለምሳሌ የ2012ቱ ጂቲኤክስ 660 የሚቀበለው የመጨረሻው የኤንቪዲያ ድራይቨር የ470 ተከታታይ ሲሆን፣ ከ1050 ቲአይ ጋር ቢገጠም አዲሱም ካርድ በአሮጌው ድራይቨር ተይዞ ይቀራል። ስክሪኑን በማዘርቦርዱ በኩል ባለው የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ላይ መሰካትም ይጠቅማል፤ ዊንዶውስ ከካርዱ የሚወስደው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ለሥራው ይተርፋል።

ካርዱን ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ሰው ኬዙ ውስጥ ተሰክቶ እንዲላክ አይፍቀድ፤ የአባይ በረሃን ቁልቁለትና ዳገት እየተንገጫገጨ ሲያልፍ ከባድ ካርድ ስሎቱን ይሰብራል። እዚህ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ከፍታውን ማሰብ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ያካክሰዋል፤ ባሕር ዳር ከተማ ያለ ሰው ግን ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ቢልለትም ሙቀቱ ስለሚያስቸግረው፣ በኬዙ ፊት አንድ ተጨማሪ ፋን ቢያስገባና አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን የዋት ጣሪያ ቢቀንስ ይበጀዋል። ጣሪያው በመጠኑ ሲቀነስ የሚጠፋው ፍጥነት ከሚተርፈው ዋት በጣም ያነሰ ነው። በበጋ አቧራውን በየጊዜው መንፋት ለሁሉም ነው።

የመብራት መቆራረጥን በተመለከተ፣ 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጠው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) የሚሰጠው 400 ዋት እንኳ ስለማይሞላ ሁለት ካርድ የያዘን ማሽን ከነስክሪኑ ለጥቂት ደቂቃ ከማቆየት አያልፍም፤ የሌሊት ሬንደርን ሊያድን አይችልም። ስለዚህ አኒሜሽን በቪዲዮ ፋይል ሳይሆን ተራ በተራ በሚቀመጡ ምስሎች ይውጣ። በብሌንደር የውጤት ቅንብር ውስጥ ኦቨርራይት የሚለውን አጥፍተው ፕሌስሆልደርስ የሚለውን ካበሩ፣ ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ ከፍተው አንዱን ለአንደኛው ካርድ ሌላውን ለሁለተኛው መስጠት ይችላሉ፤ አንዱ የያዘውን ምስል ሌላው ይዘለዋል፣ ራሙ ግን ሥራውን ሁለት ጊዜ ለመያዝ የሚበቃ መሆን አለበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚጠፋው በዚያች ቅጽበት በእጅ ላይ የነበረው ምስል ብቻ ነው። እሱም ባዶ ፋይል ሆኖ በማኅደሩ ውስጥ ስለሚቀር፣ ሥራውን ከመቀጠልዎ በፊት መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን ፋይሎች ፈልገው ያጥፏቸው፤ አለበለዚያ ብሌንደር የተሠሩ መስለውት ያልፋቸዋል።