ክረምቱ ሳይዘጋብን ጓዳችንን እንሙላ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ፣ ጭጋጉና ብርዱ ተባብረው ሰውን ቤቱ ያስቀምጡታል፤ ወደ መንዝ ገጠሩ ያላችሁማ ጭቃው ሲበረታ ገበያ መውጣት ራሱ ፈተና ነው። ስለዚህ ሰኔ ሳያልቅ ጓዳ ይሞላ።

ከሁሉ በፊት ማገዶ። ኩበቱ በበጋ ፀሐይ ካልደረቀና ዝናብ የማይነካው ቦታ ካልተከመረ፣ ቤት ሙሉ እህል ቢኖር ምን ዋጋ አለው? ከሰልም ከሆነ ጆንያውን ከእርጥብ መሬት አንሱት።

ሽሮና በርበሬ ፀሐይ ሳለ ተሰጥተው፣ ደርቀው፣ ተፈጭተው ይግቡ። እርጥበት ካገኛቸው ይሻግታሉ፤ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃና ደረቅ ማንኪያ ይኑራችሁ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ስለሚገባ ምስር፣ ክክ፣ ተልባና ዘይት አትርሱ። ቋንጣው እስከ ፍስክ ይቆያል።

እኔ ግን ከሁሉም ለገብስ አደላለሁ። በሶ እሳት እንኳ አይፈልግም፤ ውሃና ጨው፣ ካለም ማር፣ በቃ። መብራት ጠፍቶ ማገዶው አልያያዝ ሲል ልጆችን የሚያጠግበው እሱ ነው። ቆሎም ቆልታችሁ አስቀምጡ። ጎረቤት አቅመ ደካማ እናት ካሉ አንድ ጣሳ በሶ አሁኑኑ አድርሱላቸው፣ ዝናቡ ከጠና መውጣት አይችሉም።