ደመወዝሽ ስንት ነው?

ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፔይሮል የምሠራው እኔ ነኝ። ስለዚህ የጥበቃውንም የሥራ አስኪያጁንም ደመወዝ አውቃለሁ። የሌሎቹን ላለመናገር ተቸግሬ አላውቅም። የሰው ገመና ነው፣ አበቃ። ያስቸገረኝ የራሴ ነው።

እኛ ጋ ደመወዝ መጠየቅ ነውር አይደለም። ታክሲ ውስጥ ይጠየቃል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ይጠየቃል። ፀጉር ቤት ካስክ ውስጥ ጭንቅላትሽን ከተሽ ይጠየቃል፤ ያውም በጩኸት፣ ካልጮኹ ስለማይሰማሽ። የመንግሥት ሠራተኛ ቢደብቅም አይጠቅመውም። ስኬሉ የታወቀ ነው፤ ደረጃውን የሰማ ሰው ደመወዙን ይደርስበታል። የግል ድርጅት ግን "ደመወዝ፦ በስምምነት" ብሎ ነው ማስታወቂያ የሚያወጣው። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ክፍት የሥራ ቦታ የፈለገ ሁሉ ያውቀዋል። ስምምነቱ ላይ ታዲያ አንዱ ወገን ዋጋውን ያውቃል፣ ሌላው ይገምታል።

ብዙ ሰው ሲጠየቅ ወይ ይቀንሳል ወይ ይጨምራል። የሚቀንሰው ብድር የሚፈራ ነው። የሚጨምረው ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ነው። እኔ ሁለቱም አይሆንልኝም። ከጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ የዋሸሁትን ቁጥር አላስታውስም። ለአንዷ የነገርኩትን ለሌላዋ አበላሸዋለሁ፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ ሰፈር ናቸው። ስለዚህ ለራሴ የወሰንኩት እንዲህ ነው፦ ቁጥር ከተናገርኩ እውነተኛውን፤ ካልተናገርኩ ደግሞ አለመናገሬን በግልጽ።

መጀመሪያ የተፈተንኩት በአከራዬ ነው። ቀበና ነው የምኖረው። አንድ ቀን ቡና ጠርተውኝ፣ "ልጄ፣ አሁንስ ደህና ይከፍሉሻል አይደል? ስንት ደረሰልሽ?" አሉኝ። "እማማ፣ የእርስዎን ኪራይ በቀኑ የምከፍልበት አላጣም" አልኳቸው። ሳቁና "አቤት ምላስ!" ብለው ቡናውን ቀዱ። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ጣሪያ እንዲሆን ይላል። የተከራይ ደመወዝ እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም። ግን ሕግ ሌላ፣ ግቢ ሌላ ነው። ከእሳቸው ጋር ከአንድ ቧንቧ የምቀዳው እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር ላለ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የትኛውን ቁጥር? ውሉ ላይ 20,000 ብር የተጻፈለትን ሰው እንውሰድ (የእኔ አይደለም፣ ለስሌት ስለሚመች ነው)። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ተነስቶ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከ14,000 በላይ ካለው 35 በመቶ ይቆረጣል። ተደምሮ ግብሩ 4,950 ብር ይሆናል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,400 ብር። እጁ የሚገባው 13,650 ነው። እቁብና እድሩ ገና ነው። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ለጡረታ ስለሚጨምር ሰውየው ድርጅቱን የሚያስወጣው 22,200 ብር ነው። እንግዲህ ሥራ አስኪያጁ 22,200 ሲያስብ፣ ዘመድ 20,000 ይሰማል፣ ባለደመወዙ በ13,650 ይኖራል። ሦስቱም ልክ ናቸው። "ይህን ሁሉ እያገኘህ!" የሚባለው ነቀፌታ ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ነው። አሁን የምነግረው ሰው ካለ ሁለቱንም እነግረዋለሁ፤ ውሉ ላይ ያለውንና ባንክ የሚገባውን።

ሳልሰስት የምናገረው ሥራ ለሚፈልግ ሰው ነው። የሰፈራችን ልጅ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሜክሲኮ ያለ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራት። "እትዬ፣ ስንት ትፈልጊያለሽ ቢሉኝ ምን ልበል?" አለችኝ። ስጀምር ስንት እንደነበረኝ፣ አሁን ስንት እንደሆነ፣ የትራንስፖርት አበሉ ለብቻው መሆኑን ጭምር አንድ በአንድ ነገርኳት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ተጽፏል እንጂ ዝቅተኛው ክፍያ ስንት እንደሆነ አልተቀመጠም። ስለዚህ ለጀማሪ የሚያስይዘው ቁጥር ሌላ ሠራተኛ የሚነግረው ብቻ ነው። ልጅቷ የጠራችውን አላገኘችም። መጀመሪያ ልትጠራ ካሰበችው ግን በልጦ ተስማሙ።

ከባዱ የመጣው ከራሴ ቢሮ ነው። አንድ ባልደረባዬ፣ ከእኔ ጋር እኩል ሥራ የሚሠራ፣ ምሳ ላይ ጠየቀኝ። ችግሩ እኔ የእሱን አውቃለሁ። ከእኔ ያንሳል። ዝም ብል ፔይሮሉን ተገን አድርጌ እየሸሸሁ ነው። ብናገር ሽሮው እዚያው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ነገርኩት። የራሴ ስለሆነ ፈቃድ የምጠይቅበት ሰው አልነበረም። የሌሎቹን ሲያስከትል "እሱን አልነግርህም" አልኩት። ጥቂት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ ጭማሪ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ "አንቺ ነሽ የነገርሽው?" አለኝ። "የራሴን፣ አዎ" አልኩ። ሌላ የሚለኝ አጣ፤ ሰላምታው ግን ሰነበተ ቀዝቅዞ። ልጁ ጭማሪ አገኘ፤ አልተስተካከልንም እንጂ። አሁንም ቢሆን ለባልደረባ መናገር ደግ ነው እላለሁ። ግን ብቻውን ሲሆን፣ ምሳ ከተበላ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ዘመድ ጋ ስመጣ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። አክስቴ ደመወዜን ስትጠይቀኝ ለማወቅ ብቻ አልነበረም፤ ለአስቤዛዋ ምን ያህል እንደምችል ለመገመት ነው። በቀጥታ "በየወሩ ይህን ያህል እልክልሻለሁ፣ ለበዓል እጨምራለሁ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ደመወዜን አላነሳችም። አንዳንዴ በመሐል ትደውላለች፤ ካለኝ እሰጣለሁ፣ ከሌለኝ የለኝም እላለሁ፣ ታምነኛለች። እናቴ ብቻ ሙሉውን ታውቃለች። ለማንም ትንፍሽ አትልም። አባቴ ግን እድር ላይ ሲጫወት እጥፉን ነው የሚያወራው። እሱን መቼም ዝም ማሰኘት አልቻልኩም። ቁጥሩን አልነገርኩት፣ ከየት እንደሚያመጣው እንጃ።