ቋጥኙን ማን አነባበረው?

የማስጎብኘት ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ከድሬዳዋ ይዘን ወደ ዳካታ ሸለቆ ሄድን። ደንገጎን ወጥተን፣ ሐረርን አልፈን፣ ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዝተን በጅግጅጋ መንገድ ቀጠልን። ከባቢሌ ወዲያ ምድሩ ይደርቃል፤ ግራርና ቁልቋል ይበዛል። ከዚያ ቋጥኞቹ ብቅ ይላሉ።

ያላየ ሰው ለማመን ይቸገራል። ቀላ ያለ ግራናይት አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ ቆሟል። አንዳንዱ ቀጭን ዓምድ ከራሱ የሚሰፋ ድንጋይ በአናቱ ተሸክሟል፤ የሚነካካበት ቦታ ግን እጅግ ጠባብ ነው። እኔ ይህን ሸለቆ ከፋሲል ግንብ አላሳንሰውም።

እንግዶቹ ከመኪና እንደወረዱ ሦስቱ ወደ አንዱ ቋጥኝ ሮጡና ትከሻቸውን ደግፈው መግፋት ያዙ። ሌሎቹ ፎቶ ለማንሳት ከሥሩ ቆመዋል። «ዘመናት ያልጣሉትን እኛ እንጥለዋለን?» ይላል አንደኛው እየሳቀ። ልጮህባቸው ስል አንጋፋው ሹፌራችን ክንዴን ያዙኝ።

«ልጆቼ፣ ከመግፋታችሁ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ» አሉ። ከቋጥኙ እግር ሥር ጭብጥ የምታህል ድንጋይ አንሥተው በመዳፋቸው ጨመቋት። እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፍር ብላ አሸዋ ሆነች። «ይህችም እንደ ላይኛው ጠንካራ ነበረች። አሁን ቋጥኙን የተሸከመው ይኸው ነው።»

ገፊዎቹ እጃቸውን አነሡ። ከሥር የቆሙትም ማንም ሳያዛቸው ፈቀቅ አሉ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት «ታዲያ ጋሼ፣ ማን አነባበረው?» ብላ ጠየቀች። ሹፌሩ ወደ እኔ ተመለከቱ።

ማንም አላነባበረውም። ላይኛውም ታችኛውም ከመሬት በታች አንድ አካል የነበረ፣ ዕድሜው በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት የሚቆጠር ግራናይት ነው። በአግድምና በቁመት በተሰነጠቀበት መሥመር ውሃ ሰረገ። ውሃው ፌልድስፓር የተባለውን ማዕድን ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈር ይለውጠዋል፤ ኳርትዝ የተባለው ጠንካራ ማዕድን ግን አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ውሃው የድንጋዩን ገጽ ከአንድ ወገን፣ ጠርዙን ከሁለት፣ ማዕዘኑን ከሦስት ወገን ስለሚበላው ቀድሞ የሚያልቀው ማዕዘኑ ነው። አራት ማዕዘን የነበረው ድንጋይ የሚድቦለቦለው በዚህ ምክንያት ነው። ኋላ ጎርፍ የላላውን አፈር ሲጠርገው ያልበሰበሰው እምብርት በነበረበት ቆሞ ቀረ። ይህ ሥራ ዛሬም አልቆመም፤ በዝናብ ወራት ከሥሩ የሚረግፈው አሸዋ ምስክር ነው።

ይህን ስናገር አንድም ሰው ወደ ቋጥኙ አልተጠጋም። ሲገፋ የነበረው ሰው ግን አጠገቤ መጥቶ ስለ እያንዳንዱ ስንጥቅ ይጠይቀኝ ጀመር፤ ምሳ እስኪቀርብም አልተወኝም። ብጮህበት ኖሮ አኩርፎ መኪና ውስጥ ይቀመጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አደጋው ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ጎብሊን በተባለው ሸለቆ፣ ስካውት የተባለውን የወጣቶች ማኅበር አባላት ይመሩ የነበሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ድንጋይ ገፍተው ጣሉ። ሲጥሉት በቪዲዮ ተቀርጾ ስለነበር ተከሰሱ። እዚያ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ የእኛ ግራናይት ነው። የወደቀውን መልሶ የሚያቆም ግን እዚያም እዚህም የለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቋጥኙን ታሪክ የምናገረው ከባቢሌ ስንነሣ፣ እንግዶቼ ለውዛቸውን እየፈለፈሉ መኪና ውስጥ ሳሉ ነው። ስንደርስ ከሥሩ የረገፈውን ድንጋይ በየመዳፋቸው አስቀምጣለሁ፤ ራሳቸው ይጨምቁታል። ፎቶ የሚነሡበትንም ስፍራ አስቀድሜ መርጬ አሳያቸዋለሁ፤ ቋጥኙ በሙሉ ቁመቱ የሚታየው ራቅ ሲሉ ስለሆነ እስካሁን ቅር ያለው እንግዳ አልገጠመኝም።