የወንድሜ ፋይል

ታላቅ ወንድሜን አዳማ ውስጥ ገልባጭ መኪና ገጭቶ ገደለብን። ባጃጁን ይዞ መስቀለኛ መንገድ እያቋረጠ ነበር። ሹፌሩ በወንጀል ተከሷል። የካሳውን ክስ ደግሞ የወንድሜ ሚስትና ልጆች በመኪናው ባለንብረት ላይ መስርተዋል፤ እኔ ወረቀቱን ይዤ እሮጣለሁ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ እሱ ራሱ ባያጠፋም። የባለንብረቱ ጠበቃ ግን 2084ን መዘዘ። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ጥፋቱ እኩል የሁለቱም ነው ተብሎ ይገመታል። በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንዱ ሹፌር ጥፋት መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል። ካልሆነ ግማሹ ካሳ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ላይ፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ በሳለበት ወረቀት ላይ፣ ተንጠልጥሏል። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሳለች ትንሽ ሳጥን አለች፤ የወንድሜ ባጃጅ ነች። መስቀለኛውን ጨርሳ ልትወጣ ምንም አልቀራትም። ከገልባጩ ኋላ የፍሬን ምልክት የሚባል አልተሳለም። ይቺን ወረቀት ስንቴ እንዳየኋት!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የኅሊና ጉዳት ካሳው፣ ለሐዘኑ የሚከፈለው፣ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይኸው ሕግ ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለልጆቹ ደብተር እንኳ አይበቃም። ይሄ ቁጥር መለወጥ አለበት፣ ነገ ዛሬ ሳይባል።

እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ የካሳው ክስ በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ አለዚያ በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፏል ተብሎ ይዘጋል። የፕላኑን ኮፒ ቶሎ ጠይቁ። ሟች ቤተሰቡን ያስተዳድር እንደነበር የሚያሳይ የገቢ ማስረጃም ያዙ። ለእኛ የባጃጅ ማኅበሩ ጽፎልናል።