ሁሉንም 4 አድርጊልኝ

ማኔጅመንት የተማረ ሰው ይህን ርዕስ ያውቀዋል፦ «የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፤ የእከሌ ባንክ ጎንደር ቅርንጫፍ»። በረዳት ምሩቅነት ተቀጥሬ ለማስተርስ የያዝኩትም ያንኑ ነበር። ለፒኤችዲ ስደርስ ባንኩን ትቼ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ያዝኩ።

አመራር ለመለካት ብዙ ሰው የሚይዘው የበርናርድ ባስን መጠይቅ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ጄምስ በርንስ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ፖለቲካ መሪዎች የጻፈውን፣ መሪ ተከታዮቹን አነቃቅቶ ይለውጣል የሚለውን ሐሳብ፣ ባስ በ1985 ወደ መሥሪያ ቤት አመጣው። መጠይቁ 45 ጥያቄ አለው፤ መልሱ ከ0 («በጭራሽ») እስከ 4 («ሁልጊዜ ማለት ይቻላል») ነው። ፈቃዱ የሚገዛው በዶላር ስለሆነ ውጭ ያለችውን አክስቴን አስቸግሬያለሁ። ምርምራችን በአክስት ነው የሚቆመው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጉዱ መልሱ ላይ መጣ። መዝገብ ቤት የሚሠሩ አንድ ጋሼ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ልጄ፣ አለቃችን ጥሩ ሰው ነው። ሁሉንም 4 አድርጊልኝ» አሉኝ። ቡና ሲመጣ ግን ጨዋታው ተጀመረ። እናታቸው ያረፉ ጊዜ አለቃቸው ድንኳን ድረስ መጥቶ ከለቀስተኛው ጋር አምሽቷል። ወሩ ሳይሞላ ደግሞ ከሐዘን ፈቃዱ በላይ የቀሩበትን ቀን ከደመወዛቸው አስቆርጧል። «ደጉም እሱ፣ ጨካኙም እሱ» አሉ። እኚህን አለቃ በየትኛው ቁጥር ላስገባቸው?

አማካሪዬ መጠይቁን ሳልጥል ሌላ ዘዴ እንድጨምርበት መከሩኝ። ዘዴው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ፍላናጋን እ.ኤ.አ. በ1954 የጻፈው ነው፤ የእኛ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በጤና ኮሌጅነት የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። «አለቃዎ ፍትሐዊ ናቸው?» ተብሎ አይጠየቅም። «በቅርቡ አለቃዎ ካደረጉት በጣም የረዳዎትን ወይም ያስቸገረዎትን አንድ ነገር ያጫውቱኝ» ነው የሚባለው። ያኔ ሰው ይከፈታል። ስም አልጽፍም። ካልፈቀዱልኝ መቅጃ አላወጣም። ቢሮ ውስጥም አላወራም፤ በር ከፍቶ የሚገባ አይጠፋም።

ሌላው ነገር፣ የአለቃውን ባህሪም የራሱንም አፈጻጸም አንድ ሰው በአንድ ቁጭታ ከሞላው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ከእውነቱ በላይ ጠንክሮ ይታያል። አፈጻጸሙን ከሌላ ምንጭ ውሰዱ። ሪቪወሮች (ጽሑፉን ለጆርናል የሚገመግሙት) ቶሎ የሚይዟችሁ እዚህ ጋ ነው።

ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን ፓብሊኬሽን ይጠየቃል። ኢሜይሉ ደግሞ «ክፈሉ፣ በሳምንት እናወጣላችኋለን» በሚሉ ጆርናሎች ይጥለቀለቃል። አትንኳቸው። የእኔ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ ሪቪወሩ «ይህ ይስፋ» ብሎ ያሰመረበት ግን የደመወዝ ቆረጣውን ታሪክ ነበር።

አሁን የማማክራቸው ተማሪዎች መጠይቅ ከመበተናቸው በፊት ጥቂት ሠራተኞችን ቡና ጋብዘው እንዲያወሩ እልካለሁ። ሒሳቡ ከኪሳቸው ነው። ፕሮፖዛል በጀት ውስጥ «ቡና» ብሎ የጻፈ ተማሪ ነበረኝ፤ ፋይናንስ ሰርዞበታል።