ከፀጉረ ልውጥነት መመለስ፦ ሪላክሰር እንዴት ተውኩ፣ ስምንተኛው ወር ላይስ ምን አበላሸሁ

ሥራዬ ፀጉር ነው። ፀጉር ቤትም፣ የሙዚቃ ክሊፕ ቀረጻ ላይም እሠራለሁ። እንዲህም ሆኖ በሪላክሰር፣ ከርዳዳ ፀጉርን ቀጥ አድርጎ በሚዘረጋው ኬሚካል፣ ሲዘረጋ የኖረ የራሴን ፀጉር ወደ ተፈጥሮው ስመልስ ጀማሪ እንኳ የማትሠራውን ስህተት ሠራሁ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስምንት ወር አልከስርም ነበርና እናንተ እንዳትከስሩ ልንገራችሁ።

ሉጫ የመሆን ፍላጎት ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አንድ ቀን ቀረጻ ቦታ መዋል ይበቃል። የአማርኛ ዘፈን ሴትን ሲያሞግስ ከዓይንና ከጥርስ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ፀጉር ነው፤ ፀጉሩም ዞማ ነው፣ ጀርባ ላይ የሚተኛ፣ ነፋስ የሚያነሳው። ክሊፑ ይህንኑ በምስል ይደግመዋል። ከካሜራው ጎን ቬንትሌተር ይቆማል። ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቃል፤ ካሜራው በሰከንድ 50 ፍሬም ይቀርጽና በ25 ሲታይ የልጅቷ ፀጉር ውሃ ውስጥ እንዳለ ይንሳፈፋል። ከርዳዳ ፀጉር ግን በቬንትሌተር አይነሳም። ስለዚህ "ፀጉሯ ሞቷል፣ ዊግ አድርጊላት" ይባላል። ራስን ስለ መውደድ የሚዘፈን ዘፈን ሲቀረጽም ያው ቬንትሌተር ይመጣል። ደግሞ ይኸው ፀጉር ወንድ ራስ ላይ ሲሆን ጎፈሬ ነው፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ያሳደጉት፣ ሽለላና ፉከራ የሚያደምቀው ጎፈሬ። ሴት ራስ ላይ ሲሆን "ዛሬ አልተበጠርሽም እንዴ?" ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ሪላክሰር ፀጉር "ያለሰልሳል" የሚባለው ውሸት ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ዓይነት ፒኤቹ (የአሲድና የቤዝ መለኪያው) ከ12 እስከ 14 ይደርሳል፤ የፀጉሩን ፕሮቲን አስሮ የያዘውን የሰልፈር ማሰሪያ ይበጥሳል። "ኖ ላይ" የሚባለው፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድና ጉዋኒዲን ካርቦኔት ተቀላቅለው የሚሠራው፣ ለራስ ቆዳ ትንሽ ቢራራም ፀጉሩ ላይ ካልሲየም እየተወ ያደርቀዋል። በሁለቱም የተበጠሰው አይቀጠልም። አንዴ የተዘረጋን ፀጉር የሚመልስ ማስክም፣ እንቁላልም፣ አቮካዶም የለም። አዲሱን ማሳደግና አሮጌውን መቁረጥ ብቻ ነው። ፀጉር በወር 1.25 ሳንቲሜትር ገደማ ያድጋል፣ በዓመት 15። ከርዳዳ ከሆነ ደግሞ ተጠቅልሎ ሲታይ ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ "አላደገም" ብላችሁ አትደንግጡ፣ አንዷን ዘለላ ስባችሁ በማስመሪያ ለኩ።

የሪላክሰሩ ካርቶን በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ስሩን አስነኩ ይላል። በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት ፀጉር መዘርጊያ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ የተጠቀሙትን "አዘውታሪ" ይላቸዋል። እስከ 70 ዓመታቸው በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 4.05 በመቶ ሆኖ ተገምቷል፤ ያልተጠቀሙት 1.64። ጥናቱ ተያያዥነቱን እንጂ ምክንያቱን አልደመደመም። ለእኔ ግን በካርቶኑ መመሪያ መሠረት የምትሠራ ሴት በቀጥታ አዘውታሪዎቹ ውስጥ መውደቋ በቂ ነበር።

ሪላክሰሩን አቆምኩ። በየ2 ወሩ ከጫፍ 2 ሳንቲሜትር ቆረጥኩ። በየ10 ቀኑ ፀጉሩን 6 ቦታ ጎንጉኜ፣ እንደተጎነጎነ አጠብኩት። የማበጥረው እርጥብ ሆኖ ኮንዲሽነር ከተቀባ በኋላ ብቻ፣ ጥርሱ በተራራቀ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ስር ነው። ደረቁን በሚዶ ከስር የሳበች ሴት አሮጌውና አዲሱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ በጥሳ ትጥለዋለች።

ሹሩባ ከ3 ሳምንት በላይ አላቆየሁም። ሠሪዋ "ካልጠበቀ አያምርም" ትላለች፤ አትስሟት። ማታ ራስ ካመማችሁ ወይም ግንባር ጠርዝ ላይ ሽፍታ ከወጣ ጠብቋል፣ ይፈታ። ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር ለዓመታት ሲሳብ ከኖረ ስሩ ጠባሳ ይሆንና ጨርሶ ላይበቅል ይችላል።

ቅቤ ደግሞ ፀጉር አያሳድግም። እናቶቻችን ይቆጡኝ እንጂ እውነቱ ይህ ነው። ቅቤ ያለውን ነው የሚከድነው፤ እርጥበት ካለ እርጥበቱን፣ ድርቀት ካለ ድርቀቱን። ስለዚህ ደረቅ ራስ ላይ ተለድፎ ፀሐይ መሞቅ ትርጉም የለውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ፣ ታጥቦ ገና እርጥብ የሆነ ፀጉር ላይ፣ ለ2 ሰዓት። ከዚያ በሻምፑ ሁለቴ።

እስከ ስምንተኛው ወር ይህ ሁሉ በደንብ ሄደ። አዲሱ ፀጉር 10 ሳንቲሜትር ደርሷል፤ አሮጌው ከታች ተንጠልጥሏል። ከሁሉም አስቀያሚው ጊዜ ይህ ነው፤ ስሩ አብጦ፣ ጫፉ ተለጥፎ፣ ቢያስይዙት የማይያዝ፣ ቢፈቱት የማይፈታ። ብዙዎች ወደ ሪላክሰር የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። ያልተመለሱት የሚወድቁት ደግሞ እኔ የወደቅኩበት ላይ ነው፦ ኬራቲን።

ኬራቲን የሚባለው ፀጉር መዘርጊያ የሚሸጠው "ኬሚካል አይደለም፣ ፕሮቲን ነው፣ በ3 ወር ታጥቦ ይሄዳል፣ ጥቅልልሽ ይመለሳል" ተብሎ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር እኔም ለደንበኞቼ ስለው ኖሬያለሁ፤ አሁን ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ። ፕሮቲኑ ኬራቲን ራሱ ፀጉር አይዘረጋም። በዚህ ስም ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጥ የሚዘረጋው ፎርማልዲሃይድ ነው፣ ወይም ሲሞቅ ፎርማልዲሃይድ የሚለቅ ነገር። ፈሳሹ ይቀባል፣ በፎን ይደርቃል፣ ከዚያ እስከ 230 ዲግሪ በጋለ ፔስትራ እያንዳንዷ ዘለላ ከ7 እስከ 10 ጊዜ ትተኮሳለች። የፎርማልዲሃይድ ጋዙ በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ተራ የምትጠብቀው ሳትቀር ታስላለች። "ትንሽ ነው፣ ይለመዳል" ይባላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ ብሎ አንደኛ ምድብ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ደንበኛዋ በዓመት ሁለት ሦስቴ ትስበዋለች፤ ሠሪዋ ግን በየቀኑ፣ ያውም አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቶ።

እኔ በተሠራሁበት ቤት ፈሳሹ የመጣው በሃይላንድ ተገልብጦ ነው። ምልክት የለው፣ ጽሑፍ የለው። ዋናው ጠርሙስ የት እንዳለ አልጠየቅኩም። ጠይቄ ባየውም ላይጠቅም ይችል ነበር፤ የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ማስጠንቀቂያ "ፎርማልዲሃይድ የለውም" የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈባቸው ምርቶች ውስጥ ሲመረመሩ የተገኘባቸው እንዳሉ አሳውቋል። ነገሩ ብዙ ስም አለው፦ ፎርማሊን፣ ሜቲሊን ግላይኮል፣ ሜቴንዲዮል፣ ሜታናል። አዳዲሶቹ ግላይኦክሲሊክ አሲድ ይላሉ፤ እሱም በፔስትራ ሲግል ያንኑ ጋዝ ሊለቅ ይችላል። ከእነዚህ አንዱን ጠርሙሱ ላይ ካነበባችሁ "ይቅርብኝ" በሉ። ተገልብጦ የመጣ ከሆነ ደግሞ ፎጣው አንገታችሁ ላይ ቢሆንም ከወንበሩ ተነሱ።

ለ3 ቀን ውሃ እንዳይነካው ተባልኩ፤ አላስነካሁትም። ያብረቀርቅ ነበር፣ አልዋሽም። በሦስተኛው ወር ሽፋኑ ሲለቅ ግን ጥቅልሉ አልተመለሰም። ከፊሉ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ቀረ፣ ከፊሉ ተልፈስፍሶ ተኛ። ታጥቦ የሚሄደው የተቀባው ነገር ነው፤ በ230 ዲግሪ የተበላው ፕሮቲን በምን ይመለስ? አንድ ራስ ላይ ሦስት ዓይነት ፀጉር ተሸከምኩ፦ ከስር 4 ሳንቲሜትር አዲስ፣ መሃል ላይ 10 ሳንቲሜትር የተቃጠለ፣ ከጫፍ የሪላክሰር ትርፍራፊ። ሦስቱም በየመገናኛቸው ይበጠሳሉ። አማርኛ ባዕድ ሰውን ፀጉረ ልውጥ ሲል እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ የሚያድነው ሙከራ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከማጅራት የማይታይ ቀጭን ዘለላ ይቆረጥና፣ ምንም ሳይቀባ፣ ሊሠሩበት ባሰቡት ሙቀት፣ ያንኑ ያህል ጊዜ ይተኮሳል። በሻምፑ ይታጠባል፣ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተጠቀለለ ሙቀቱ ብቻውን ጨርሶታል ማለት ነው፤ የቀረውም ራስ አይመለስም። ለደንበኛ ፔስትራ ስተኩስ ይህን አደርጋለሁ። ለራሴ አላደረግኩም፤ ከፊቴ የሁለት ሳምንት ቀረጻ ነበረብኝ። ካሜራ ፊት የምቆመው እኔ አይደለሁም፤ ካሜራው አጠገብ እንኳ በዚያ ፀጉር መታየት አልፈለግኩም። ከፀጉሩ ይልቅ እስካሁን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

መጨረሻ ላይ 3 ሳንቲሜትር አስቀርቼ ሁሉንም ቆረጥኩት። ቤተሰብ አስቀድሞ ይነገረው፤ እኛ ዘንድ ፀጉሯን የተቆረጠች ሴት ሐዘንተኛ ናት፣ "ማን ሞተብሽ?" የሚል ስልክ ይመጣል። ብዙ ፀጉር ሠሪዎች "ዓመት ተኩል ታግሰሽ ቀስ በቀስ ቁረጪ" ይላሉ። አልስማማም። አራተኛው ወር ላይ 5 ሳንቲሜትር ሲሞላ ቁረጡት። ስምንተኛው ወር ጋ የሚያደርስ ምክር ኬራቲን ጋ ያደርሳል።

ቀረጻ ላይ አሁን የማደርገውን ልጨምር፣ የሙያ ባልደረቦቼ ስለሚጠይቁኝ። ጥቁር ከርዳዳ ፀጉር ክሊፕ ላይ "ሞቷል" የሚባለው ጨለማ ግድግዳ ፊት ጠፍቶ ነው። ከኋላ፣ ከራሷ ከፍ ያለ አንድ መብራት ሲቆም የፀጉሩ ዙሪያ ይበራል፣ እያንዳንዷ ጥቅልል ትቆጠራለች። ውሃ ከመቅረጽ 20 ደቂቃ በፊት ይረጭ፤ ከዚያ በጣት እንጂ በማበጠሪያ አይነካ። እንቅስቃሴ ካስፈለገ ልጅቷ አንገቷን ትወዝውዝ፣ ፀጉሩ እንደ ስፕሪንግ ይዘላል። ቬንትሌተሩ ወደ ባለመብራቱ ይዙርለት፤ እሱ ነው የሚያልበው።